ኪኒኑ፣ ቆላው እና የአጎቴ ኩላሊት

አጎቴ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ወር ከሸዋ ሮቢት ታመው ሲመለሱ፣ ደብረ ብርሃን ቤታቸው ድረስ ሊጠይቋቸው የመጡ ጎረቤቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ፍርድ ይዘው ነበር የሚገቡት፦ «ያ የሚያሸናው ኪኒን ኩላሊታቸውን ጨረሰው።» አንዱ ይህን ሲናገር ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፤ ሦስተኛዋ ደግሞ በእኅቷ ላይ የደረሰውን ትጨምራለች። እኔ ለብዙ ዓመታት ባዮሎጂ ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ የኩላሊትን ሥዕል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሣልሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ሆኖም ያን ሰሞን ለጎረቤቶቻችን የምመልሰው የረባ ነገር አልነበረኝም፤ የሚሉት ነገር ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረምና። ኪኒኑ በነገሩ ውስጥ እጁ ነበረበት። ግብረ አበሮቹ ግን በፍርዱ ላይ አልተጠሩም።

አጎቴ ያን ጊዜ 67 ዓመታቸው ነበር። ለደም ግፊታቸው ሁለት መድኃኒት ይወስዱ ነበር፤ አንደኛው ጠዋት ጠዋት የሚዋጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለው የሚያሸና ኪኒን ሲሆን ሁለተኛው ኢናላፕሪል ነው። ሁለቱም በአገራችን ጤና ጣቢያዎች በብዛት የሚታዘዙ መድኃኒቶች ናቸው፤ እሳቸውም ስድስት ዓመት ሙሉ ያለ አንዳች ችግር ሲወስዷቸው ኖረዋል። በሰኔ አጋማሽ የዘመድ መርዶ መጣና ለለቅሶ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረዱ። መንገዱን የሚያውቅ ሰው «ወረዱ» የሚለው ቃል ለወጉ ያህል የተነገረ እንዳልሆነ ይረዳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጣርማ በር ዋሻ በኋላ መኪናው ገደል ለገደል እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ሆኗል። መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ሰው ጋቢ ከደረበበት ብርድ ተነሥቶ በስስ ሸሚዝ እንኳ ወደሚያልብበት አገር ይገባል።

በጉዞው ዕለት ጠዋት አጎቴ ያደረጉት፣ የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ መንገደኛ ሁሉ የሚያደርገውን ነበር። ኪኒኑን በአንድ ጉንጭ ውኃ ዋጡ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ውኃ የሚባል በአፋቸው አልዞረም። ሚኒባስ ውስጥ ሽንት ቢወጥራቸው ሾፌሩን «አቁምልኝ» ማለት ያሳፍራቸዋል። ደግሞም ጾመ ሐዋርያት ገብቶ ስለነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። የንስሐ አባታቸው ሕመምተኛ መጾም እንደማይጠበቅበት ከአንድም ሁለት ጊዜ ነግረዋቸው ነበር፤ አጎቴ ግን ይህን ምክር ለሌላ ሰው የተነገረ አድርገው ነው የሚሰሙት። እዚያም ደርሰው በድንኳኑ ሙቀት ውስጥ ሲያልባቸው ዋሉ። በሁለተኛው ቀን ተቅማጥ ያዛቸው። በሦስተኛው ቀን ከመቀመጥ ብዛት ጉልበታቸው አላስነሣ ስላላቸው ዘመድ ደግፎ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰዳቸው፤ እዚያም ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት ይኑር አይኑር ሳይጠየቁ ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወጉ፣ የአምስት ቀን ኪኒንም ተሰጣቸው። ተቅማጡ ሳይቆም፣ የግፊታቸውንም መድኃኒት አንድ ቀን ሳያስታጉሉ፣ የጉልበቱንም ደርበው ዋጡ። ከዚያ ሽንታቸው እያነሰ ሄደ። የሚያሸና ኪኒን እየወሰዱ ሽንት መጥፋቱ ግራ ቢያጋባቸው፣ መድኃኒቱ ደክሞ ነው ብለው አንድ ጨመሩበት።

ደብረ ብርሃን ተመልሰው ሐኪም ቤት ስናደርሳቸው ያየቻቸው ወጣት ዶክተር «አባባ፣ ምን ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«የግፊቴን ነዋ።»

«ሌላስ? ሰሞኑን የወሰዱት፣ የተወጉት ነገር የለም?»

«የለም፣ ልጄ።»

እኔ ከአጠገባቸው ሆኜ «ጋሼ፣ የጉልበትዎ መርፌስ?» ስላቸው «እሱማ ለጉልበት እኮ ነው፤ ምኑ መድኃኒት ሆነ?» አሉ። ዶክተሯ ብዕሯን አስቀምጣ ትንሽ ዝም አለች። የደም ምርመራው ሲመጣ ክሬቲኒን የሚባለው ቁጥር 3.4 ሆኖ ተገኘ፤ ከአንድ ዓመት በፊት በካርዳቸው ላይ የተጻፈው 1.1 ነበር። ክሬቲኒን ጡንቻ በየዕለቱ የሚያመነጨው፣ ኩላሊትም በየዕለቱ እያጣራ የሚያስወግደው ዝቃጭ ስለሆነ፣ በደም ውስጥ ሲከማች ማጣሪያው መዳከሙን ይናገራል።

የሆነውን ለመረዳት ኪኒኑ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ የመምህርነት ልማዴ ቢያዘገየኝ አንባቢ ይታገሠኝ። የጤነኛ ሰው ሁለት ኩላሊቶች ተደምረው በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን አንድ ሊትር ተኩል ወይም ሁለት ሊትር ቢሆን ነው። የቀረው በሙሉ በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ ባሉት አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ቱቦዎች በኩል ወደ ደም ይመለሳል። ቱቦዎቹ ይህን የሚያደርጉት በዋነኛነት ጨውን መልሰው በመምጠጥ ነው፤ ጨው ወደሄደበት ውኃ ይከተላል። የሚያሸና መድኃኒት ይህን የጨው መመለሻ በር ይዘጋል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወደ ቱቦው መጨረሻ አካባቢ ያለውን ትንሹን በር ሲዘጋ፣ ላሲክስ እያልን የምንጠራው ፉሮሰማይድ ደግሞ መሐል ላይ ያለውን ትልቁን በር ይዘጋል፤ ስለዚህም የኋለኛው እጅግ ብርቱ ነው። አልፎ አልፎ እንደ አለርጂ ሆነው ኩላሊትን የሚያስቆጡበት ጊዜ መኖሩ ባይካድም፣ እነዚህ ኪኒኖች በተለመደው አሠራራቸው ኩላሊትን የሚያቆስሉ መርዞች አይደሉም። የሚያደርጉት በደም ሥር ውስጥ የሚዘዋወረውን ፈሳሽ መቀነስ ነው፤ የደም ግፊት የሚወርደውም፣ ያበጠ እግር የሚጎድለውም በዚሁ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ፈሳሹ ከሚገባው በላይ ሲቀንስ ነው። ኩላሊት ልብ ከምትረጨው ደም አምስት እጅ አንዱን ያህል የሚወስድ አካል ስለሆነ የሚደርሰው ደም ሲጎድል ቶሎ ይሰማዋል። የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት አልሚዎች ውኃ ከወንዝ ጠልፈው በቦይ ወደ መደባቸው ሲያስገቡ ያየ ሰው የቀረውን ለመገመት አይቸግረውም። እያንዳንዷን የኩላሊት ማጣሪያ መግቢያና መውጫ ቦይ እንዳላት መደብ እናስባት፤ ውኃው መደቡ ላይ ተኝቶ ወደ አፈሩ እንዲሰርግ መግቢያው መስፋት፣ መውጫውም መጠን ባለው መልኩ መጥበብ አለበት። ወንዙ ሲጎድል ብልህ ገበሬ መግቢያውን ያሰፋል፣ መውጫውን በጭቃ ይደፍናል። ኩላሊትም እንዲሁ ያደርጋል። በአጎቴ ሰውነት ውስጥ የሆነው ግን ይህ ነው፦ ላቡ፣ ተቅማጡ፣ ጥሙና የሚያሸናው ኪኒን ተባብረው ወንዙን አጎደሉት፤ ኢናላፕሪል በጠባዩ መውጫውን የሚያሰፋ መድኃኒት ስለሆነ ለመድፈን አላስቻለም፤ ዲክሎፌናክ ደግሞ መግቢያውን ከፍቶ የሚይዘውን የሰውነት ቅመም በማገድ መግቢያውን አጠበበው። ሦስቱ መድኃኒቶች በየራሳቸው ለብዙ ሰው ሲረዱ ይኖራሉ። ውኃ በደረቀበት ሰውነት ላይ በአንድ ሳምንት ሲገናኙ ግን መደቡ ባዶ ቀረ። ሽንቱ የጠፋውም ኪኒኑ ስለ ደከመ አልነበረም፤ የሚጣራ ስላልነበረ ነው። የተጨመረው ኪኒን ከጎደለ ወንዝ ላይ እንደ መቅዳት ነበር።

ዶክተሯ ሦስቱንም መድኃኒቶች አስቆመች፤ በደም ሥራቸው ፈሳሽ ተሰጣቸው፣ የሚወጣው ሽንትም በየሰዓቱ ይለካ ነበር። በአምስተኛው ቀን ክሬቲኒኑ ወደ 2 ወረደ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ 1.3 ደረሰ። የኩላሊት እጥበት ሳያስፈልጋቸው ተረፉ። ሐኪሞቹ እንደነገሩን እንዲህ ያለው ድርቀት ቶሎ ከተደረሰበት ኩላሊቱ በአብዛኛው ያገግማል፤ ማጣሪያዎቹ ለቀናት ደም አጥተው ከቆዩ ግን የቱቦዎቹ ሕዋሳት ራሳቸው መሞት ይጀምራሉ፣ የጠፋውም ሁሉ ላይመለስ ይችላል። እኛ የደረስነው ከሁለቱ መካከል በቀጭኑ መሥመር ላይ ነበር።

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ከመጀመሪያው ይልቅ ያሳስበኛል። ጎረቤቶቹ ፍርዳቸውን ከሰጡ በኋላ አጎቴ «ከእንግዲህ ያን ኪኒን በአፌ አላዞርም» ብለው ማሉ፤ መሐላቸውንም ጠበቁ። የሚያሸናውን ብቻ ሳይሆን የግፊት የተባለውን ሁሉ ተዉ። የቀጠሮ ቀን ሲደርስ ደኅና ነኝ እያሉ ቀሩ፤ በርግጥም ምንም አያማቸውም ነበር፣ ደም ግፊት ሲያጠፋ አይጮኽምና። በመስከረም መጨረሻ ራሳቸውን ወቅሯቸው ስንወስዳቸው ግፊታቸው 190 በ110 ተገኘ። እዚህ ላይ ለጎረቤቶቻችን ልነግራቸው ሲገባኝ ያልነገርኋቸው ነገር አለ። ኩላሊትን ቀስ በቀስ አድክመው ለእጥበት ከሚያደርሱት ሕመሞች ግንባር ቀደሞቹ ስኳርና ደም ግፊት ናቸው። ከፍ ያለ ግፊት የማጣሪያዎቹን ጥቃቅን የደም ሥሮች ዓመት ከዓመት ያደነድናቸዋል፤ የደነደነውም አይለሰልስም። ስለዚህ ኩላሊቴን ላድን ብሎ የግፊቱን መድኃኒት የሚጥል ሰው፣ ለአንድ ሳምንት አደጋ ሲል የዓመታት አደጋ ይሸምታል። ያ የሚያሸና ኪኒን ከሰኔ በፊት ለስድስት ዓመታት ያደርግ የነበረው የአጎቴን ኩላሊት መጠበቅ ነበር። ይህን ለማንም የሚያሳየው ምልክት ስላልነበረ ግን ማንም አላመሰገነውም።

ዶክተሯ አልተቆጣቻቸውም። በመጀመሪያ አምሎዲፒን የተባለውን ሌላ የግፊት መድኃኒት አስጀመረቻቸው፤ ክሬቲኒኑ ተረጋግቶ ካየች በኋላ የሚያሸናውን በቀድሞው ልክ ሳይሆን በግማሽ ኪኒን መለሰችው። ቀጥሎ ግን በስድስት ዓመት ውስጥ ማንም ያልነገራቸውን ነገረቻቸው። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛቸው፣ ወይም ትኩሳት ይዟቸው እህል ውኃ እምቢ ካላቸው፣ በዚያው ቀን ጤና ባለሙያ ሳያማክሩ የሚያሸናውን ኪኒን እንዳይቀጥሉ፣ ሲሻላቸው ደግሞ እንደገና ሳይጀምሩ እንዳይቀሩ። ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል እንጂ ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን እንዳይወስዱ። ወደ ቆላ ሲወርዱ ውኃ እንዲጠጡ። ይህ ለእሳቸው የተሰጠ ትእዛዝ ነው፤ የልብ ድካም ያለበት ሰው መድኃኒቱን በገዛ እጁ ቢያቆም በሁለት በሦስት ቀን ሳንባው ውኃ ሊሞላበት ስለሚችል፣ እያንዳንዱ ሰው ስለ ሕመሙ ቀናት የራሱን ሐኪም አስቀድሞ ቢጠይቅ ነው የሚሻለው። እኔን የሚገርመኝ፣ ለአንድ ሰው ለዓመታት የሚውል መድኃኒት ሲሰጥ «ጠዋት አንድ» የሚል ቃል በፖስታው ላይ ተጽፎ፣ የማይዋጥበት ቀን መኖሩ የማይጻፍ መሆኑ ነው።

በነገራችን ላይ የጉልበቱ ነገር ራሱ ከኪኒኑ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ዶክተሯ ጠርጥራ ነበር። የሚያሸኑ መድኃኒቶች ዩሪክ አሲድ የሚባለውን ዝቃጭ በደም ውስጥ ያስቀራሉ፤ ይህም በአንዳንድ ሰው ላይ መገጣጠሚያን፣ በተለይም የእግር አውራ ጣትን የሚያቃጥለውን ሪህ ያስነሣል። ሰውየውም ሕመሙን ለማስታገስ ዲክሎፌናክ ይገዛል፤ ያም ኩላሊቱን ይጎዳል። የአጎቴ ውጤት ከዚህ ነፃ ሆኖ ተገኘ፤ ሆኖም ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ማስታገሻ የሚገዛ ሁሉ ይህን ዙር ሳያውቀው ሊገባበት ይችላል።

ከአጎቴ ሕመም ወዲህ የቤተሰባችንን የመድኃኒት ፖስታዎች መመርመር ልማድ ሆኖብኛል። መንዝ ውስጥ የሚኖሩት አክስቴ በልጅነታቸው በጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልብ በራቸው የተጎዳ ናቸው፤ እግራቸው ስለሚያብጥ ላሲክስና ስፓይሮኖላክቶን የተባሉ ሁለት የሚያሸኑ መድኃኒቶች ይወስዳሉ። በእሳቸው ዘንድ ነገሩ ከአጎቴ የተገለበጠ ነው። ልብ ስትደክም ፈሳሹ ወደ ኋላ እየተጠራቀመ ኩላሊትንም ያጨናንቃል፤ የሚያሸናው መድኃኒት ይህን ጭንቅ ሲያቃልል ኩላሊትም አብሮ ሊተነፍስ ይችላል። ላሲክስ በተዋጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሥራውን ይጀምርና ስድስት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ማታ የዋጠው ሰው ሌሊቱን በብርድ ደጅ ሲመላለስ ያድራል። አክስቴ ይህን የተማሩት ከሐኪም ሳይሆን ከመንዝ ውርጭ ነው።

ላሲክስ ከጨው ጋር ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድንም ጠርጎ ያወጣል፤ ሲያንስ ባት ይሸመቅቃል፣ ይብስም ሲል የልብ ምት ይዛባል። ስፓይሮኖላክቶን በተቃራኒው ፖታሲየምን ያስቀራል፤ ኩላሊት ከደከመ፣ ወይም ኢናላፕሪል ከታከለበት ደግሞ ከመጠን በላይ ያከማቸዋል፤ ያም ልብን ሊያቆም ይችላል። በደም ውስጥ ያለው ልክ ከ3.5 እስከ 5 ባለው ጠባብ ወሰን ውስጥ መሆን አለበት። ስለዚህ ኪኒን የሚያሸናውን ሰው ሁሉ፣ ፖታሲየም እንዲተካ፣ «ሙዝ ብላ፣ ብርቱካን ጠጣ» ማለት በደፈናው የሚነገር ምክር አይደለም። የትኛውን ኪኒን? ቁጥሩስ ስንት ነው? ይህን ሳያውቁ የሚመክሩ ሰዎች ክፋት የላቸውም፤ እኔም ከመካከላቸው አንዱ ነበርሁ።

ውኃን በሚመለከትም በአካባቢያችን ሁለት ተቃራኒ ልማዶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንደኛው አጎቴ ያደረጉት ነው፤ ሽንት እንዳይመጣ መጠማት። ሁለተኛው «ኩላሊትን ማጠብ» የሚባለው ነው፤ በማለዳ ተነሥቶ ሁለት ሦስት ሊትር ውኃ መጋት። የልብ ድካም ላለበት ሰው ይህ መድኃኒቱን ማፍረስ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስዱ አረጋውያን ደግሞ ጨው በሽንት እየወጣባቸው ውኃ ብቻውን በብዛት ሲጠጡ፣ በደማቸው ያለው ሶዲየም ቀጥኖ አእምሯቸው ሊስት፣ ሊንቀጠቀጡና ሊወድቁ ይችላሉ። ኩላሊት ራሱ አጣቢ ነው፤ የሚያስፈልገው ያልተጓደለ ደም ነው። ጨውንም ቢሆን ምግባችን ላይ በእፍኝ እየነሰነስን ኪኒኑን መውቀስ አይገባም። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። በርበሬው ውስጥ የተፈጨው፣ ሽሮው ላይ የተደገመው፣ በእንቁላሉም ላይ የሚነሰነሰው ሲደመር ግን ኪኒኑ በአንድ በር ያወጣውን እኛ በሌላ በር እናስገባለን።

የደም ምርመራው ነገር ግን በምክር ብቻ የሚፈታ አይደለም። የሚያሸና መድኃኒት የሚጀምር ሰው በጀመረ በሳምንታት ውስጥ፣ ልኩም በተቀየረ ቁጥር፣ ከዚያም ቢያንስ በዓመት ክሬቲኒኑና ማዕድኖቹ ቢታዩለት መልካም ነው። ደብረ ብርሃን ለሚኖር ሰው ይህ የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው። ለአክስቴ ግን የአንድ ቀን መንገድ፣ የመጓጓዣ ገንዘብና አስታማሚ ማለት ነው፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ መንገድ ተዘግቶ ምርመራው ቀርቶ መድኃኒቱም የማይደርስበት ሳምንት ነበር። የጤና መድኅን ደብተራቸው ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ አንዱን ኪኒን ለሁለት ቀን ሲከፍሉት የሰነበቱበትን ጊዜ ለእኔ የነገሩኝ ካለፈ በኋላ ነው።

የልብ ሕመምተኛ ሰውነቱ ውኃ መያዝ መጀመሩን ከእብጠቱ በፊት የሚነግረው ክብደቱ ነው። በሁለት በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ የጨመረ ሰው የጨመረው ሥጋ አይደለም፤ ሁለት ኪሎ የቀነሰም ምናልባት ኪኒኑ ከልክ አልፎበት ይሆናል። ሐኪማቸው በየጠዋቱ ተመዘኚ ሲሏቸው አክስቴ «እሺ» ብለው ወጡ፤ ቤታቸው ሚዛን የለም፣ በመንደሩም የሰው ሚዛን ያለው የለም። ባለፈው ዓመት ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ጠዋት ነጠላቸውን ጣል አድርገው ወደ ወፍጮ ቤቱ ሲሄዱ ተከተልኋቸው። ባለ ወፍጮው የገብስ ጆንያ ከባስኩላው ላይ አንሥቶ ጠረገላቸው፤ ጫማቸውን አውልቀው፣ ከዘራቸውን ለእኔ ሰጥተው ወጡበት።

«አርባ ዘጠኝ ተኩል፣ እትዬ» አለ።

«ትናንትስ?»

የእህል ሒሳብ የሚጽፍበትን ደብተር ገለጠ። በአንዱ ገጽ የገብሱና የስንዴው ኪሎ ከነባለቤቶቹ ስም ተደርድሯል፤ በፊት ለፊቱ ገጽ የአክስቴ ስም ብቻ በራስጌው ተጽፎ ከሥሩ የሦስት ወር ቁጥር ወርዷል። በጣቱ ፈልጎ «ትናንትም ያው» አላቸው። ከዘራቸውን ተቀብለውኝ ኪኒናቸውን ሊውጡ ወደ ቤት ተመለሱ።